በሰው አገር ብሔራዊ በዓል፦ ተቀባይ ቤተሰብ ዘንድ የሚኖር ተማሪ በበዓሉ ዕለት ቦታው የት ነው?

የጣና ዓሣ (ውይይቱን የከፈተች)

ሰላም ለመላው የመድረኩ ተሳታፊዎች።

ለትምህርት ወደ ውጭ የሚሄዱ የባሕር ዳር ልጆች ከመነሳታቸው በፊት ደጋግመው የሚያነሱልኝ አንድ ጥያቄ ስላለ፣ ለሌሎችም እንዲደርስ እዚህ ላቀርበው ወደድሁ። ጥያቄው ስለ ቪዛ ወይም ስለ ቤት ኪራይ አይደለም። «ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ስኖር የአገራቸው ትልቅ በዓል ሲደርስ ምን ላድርግ? እንዳላስቸግራቸው ከክፍሌ ሳልወጣ ልዋል ወይስ ሳይጠሩኝ አብሬያቸው ልቀመጥ?» የሚል ነው። በእኛ ዘንድ ሳይጠሩ በሰው ድግስ መገኘት ነውር፣ ተጠርቶ መቅረት ደግሞ ንቀት ስለሆነ፣ በዚህ ሥርዓት ያደገ ሰው በሰው አገር ግራ ቢጋባ አያስደንቅም።

እኔ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የዓሣ ሀብት ትምህርት ተምሬ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ኖርዌይ፣ በርገን ከተማ በሄድኩበት ጊዜ ያረፍኩት አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጆችና አንዲት አዛውንት አያት ባሉበት ቤት ነበር። የኖርዌይ ብሔራዊ በዓል በእነሱ ሜይ 17፣ በእኛ ግንቦት 9 ቀን ይውላል። በ1814 (የውጭ አገሩን ታሪክ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) ኤይድስቮል በሚባል ስፍራ የተሰበሰቡ 112 ተወካዮች ያዘጋጁት ሕገ መንግሥት የተፈረመበት ዕለት ነው። ይህን ያህሉን ከመሄዴ በፊት አንብቤ ነበር። መጽሐፍ ያልነገረኝ በዓሉ ከአደባባዩ በፊት በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚጀመር ነው።

በዋዜማው የቤቱ ሰው ሁሉ ሥራ ይዟል። አባትየው ገና ያቆጠቆጡ የበርች ቅርንጫፎችን ቆርጦ የበሩን ግራና ቀኝ ያስጌጣል፤ እናትየው ቡናድ የሚባለውን ባለ ጥልፍ የባህል ልብሷን ከሳጥን አውጥታ ነጩን ሸሚዝ ትተኩሳለች፤ ልጆቹ ደረታቸው ላይ የሚሰኩትን ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ጥብጣብ ይቆርጣሉ። ቆሜ ሳያቸው አያትየው ከወንበራቸው ጠሩኝና አንድ ለስላሳ ጨርቅ ከአንድ የብር ጌጥ ጋር አቀበሉኝ። ሶልየ ይሉታል፤ ቡናዱ ከአንገቱ ሥር የሚያያዝበት የደረት ጌጥ ነው። በዙሪያው የጥፍር ያህል የሆኑ ጎድጓዳ ቅጠሎች ተንጠልጥለውበታል፤ ሰው ሲራመድ ይርገበገባሉ። ብር እያደር ስለሚጠቁር እያንዳንዷ ቅጠል ከፊትም ከጀርባም ለየብቻ መወልወል አለባት፤ ጠንከር አድርጎ የያዛት እንደሆነ ደግሞ ማንጠልጠያዋ ትበጠሳለች። አያትየው አንዷን ወልውለው አሳዩኝና የቀረውን ለእኔ ተዉት።

ጌጡ የእናታቸው ነበር። ጀርመኖች አገሪቱን ከ1940 እስከ 1945 በያዙበት ጊዜ ይህን በዓል ማክበር ተከልክሎ እንደነበረ፣ የወረራው ዘመን ካበቃ በኋላ የመጣውን የመጀመሪያውን ግንቦት 9 በእናታቸው እጅ ተይዘው እንደወጡና እናታቸው ይህንኑ ጌጥ አድርገው እንደነበረ ያጫወቱኝ እኔ ስወለውል ነው። ሳሎን ተቀምጬ «እስቲ ስለ በዓላችሁ ንገሩኝ» ብያቸው ቢሆን ኖሮ ከመጽሐፍ የማገኘውን መልስ እንደሚሰጡኝ እርግጠኛ ነኝ። እጃችን ሥራ ስለያዘ ወሬው ከጌጡ ተነሥቶ ወደ እናታቸው፣ ከእናታቸው ወደ ጦርነቱ በራሱ መንገድ ሄደ። እኔም ስለ አምስቱ የጣሊያን ዘመንና ስለ ጎጃም አርበኞች ነገርኳቸው። ሁለት ጊዜ እያስቆሙ ጠየቁኝ።

በማግስቱ ባንዲራውን የሰቀሉት ልጆቹ ናቸው። በአገሩ ሥርዓት በዚያ ወቅት ባንዲራ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት አይሰቀልም፤ ማታም ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ቢዘገይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ይወርዳል፤ መሬት እንዳይነካም ሁለት ሰው ሆኖ ይታጠፋል። ከዚያ ጎረቤቱ የየራሱን ምግብ ይዞ መጥቶ በአንድ ገበታ ቁርስ ተበላ፤ ከቁርስ በኋላ ወደ ሰልፉ ወጣን። የዕለቱ ዋና ሰልፍ የልጆች ሰልፍ ነው፤ ታንክና መድፍ አይታይም። ልጆቹ በየትምህርት ቤታቸው ዓርማ ሥር ከሙዚቃ ቡድናቸው ጋር ያልፋሉ፤ በርገን ላይ ደግሞ ቡኤኮርፕስ የሚባሉ የየሰፈሩ የልጆች ቡድኖች ከበሮ እየመቱ ይሰለፋሉ። በዋና ከተማው በዛሬዋ ኦስሎ የመጀመሪያው የልጆች ሰልፍ በ1870 ሲወጣ ወንዶች ብቻ ነበሩበት፤ ሴቶች ልጆች የተጨመሩት በ1889 ነው። እናትየዋ ይህን ስትነግረኝ ትንሿን ልጇን ወደ ሰልፉ እየሸኘች ነበር። እኔ የሐበሻ ቀሚስ ለብሼ ነበር የወጣሁት፤ ከሌላ አገር የመጡ ነዋሪዎች በየባህል ልብሳቸው መውጣታቸው በዚያ የተለመደና የሚወደድ ነው።

አሳቤ ይኸውላችሁ፦ ተቀባይ ቤተሰብ ለእንግዳው በበዓል ሊሰጠው የሚችለው ትልቁ ነገር ከበዓሉ ሥራ አንዱን ድርሻ ነው። ሶፋ ላይ ተቀምጦ ምግብ የቀረበለት እንግዳ በዓሉን ያያል፤ ድርሻ የተሰጠው ግን ወደ በዓሉ ይገባል። ወደ ውጭ የሚሄዱትም ጥሪ ከሚጠብቁ በዋዜማው «እኔ ምን ልሥራ?» ብለው ቢጠይቁ መልካም ይመስለኛል። እዚህ ባሕር ዳር አማርኛ ሊማሩ ወይም ሊያጠኑ የሚመጡ የውጭ ተማሪዎችን የምታስተናግዱ ቤተሰቦችስ ምን ትላላችሁ?


መንገደኛ ከፖሊ

እህቴ፣ ስለ ጽሑፍሽ ከልብ አመሰግናለሁ። እኔም በመጪው ነሐሴ የምሄደው ወደዚያው ወደ ኖርዌይ ስለሆነ የነፃነት ቀናቸውን አስቀድሜ በማወቄ ደስ ብሎኛል። የምጠይቅሽ ስለ ምግቡ ነው። የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ ነኝ፣ ጾም አልሽርም፣ የአሳማ ሥጋም አልበላም። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ በሚበላበት ገበታ ላይ «ይህን አልበላም፣ ያንን አልነካም» እያሉ መቀመጥ ደግሞ ያሳፍራል። አንቺ በምን ዘዴ ተወጣሽው?


የጣና ዓሣ

ወንድሜ፣ ስለ ጾሙ አትሥጋ። ትንሣኤ ቢፈጥን መጋቢት 26፣ ቢዘገይ ሚያዝያ 30 ስለሚውል፣ ግንቦት 9 በየትኛውም ዓመት በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ትገኛለች። በዚያ ጊዜ ረቡዕና ዓርብም አይጾሙም፤ ስለዚህ የኖርዌይ በዓል ከጾም ጋር የሚጋጭበት ዓመት የለም። የሚጋጨው የእነሱ ገና ነው፤ ታኅሣሥ 16 ላይ ስለሚውል እኛ ገና በነቢያት ጾም ላይ ነን፤ የገና ማዕዳቸው ደግሞ በብዙ ቤት አሳማ ወይም በግ ነው። ለዚያኛው ቀደም ብለህ ንገራቸው።

አሳማውን በሚመለከት በግንቦት 9 የምትጠነቀቀው በዳቦ ውስጥ ለሚሰጠው ቋሊማ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ አለበት። የቀረው ገበታ አያስቸግርህም፤ ዳቦ፣ እንቁላል፣ በጭስ የታጠነ ሳልመን ዓሣ፣ በክሬምና በእንጆሪ የተሸፈነ ኬክ፣ ለልጆች ያለ ልክ የሚሰጥ አይስክሬም ነው። የማትበላውን ገበታው ላይ ሳይሆን ገና ቤቱ በገባህ ሰሞን ለቤቱ እመቤት በእርጋታ ንገራት። በእነሱ ዘንድ «አልበላም» ማለት እንደ ቅያሜ አይታይም፤ እንደ እኛ «በሞቴ» እያለ የሚያጎርስህም የለም። የሚያስቀይማቸው አስቀድሞ ሊነገራቸው ሲችል ሳይነገራቸው ቀርቶ የሠሩት ምግብ ሲተርፍ ነው። እኔ ስነግራት ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤቱ የሚገዛው ቋሊማ የበሬ ሆነ።


እናት ከሽምብጥ

ልጄ የጣና ዓሣ፣ ጽሑፍሽን ልጆቼ አንብበውልኝ፣ ቀጥሎም ራሴ ደግሜ አንብቤዋለሁ። የአያትየዋ ነገር ልቤን ነክቶታል። ነገር ግን እንግዳ ሥራ ይሰጠው ባልሽው ሙሉ በሙሉ አልስማማም፤ ምክንያቴንም ልንገርሽ።

እኔ ቤት በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ አማርኛ የምትማር የውጭ አገር ልጅ ተቀምጣ ነበር። የፋሲካ ዋዜማ በእኛ ቤት ምን እንደሚመስል አንቺም ታውቂዋለሽ። ሽንኩርቱ ከቅዳሜ ጠዋት ጀምሮ ይቁላላል፤ ዶሮው ይገነጠላል፣ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ይታጠባል፤ አሥራ ሁለቱ ብልት በየሥርዓቱ ካልወጣ ሴትየዋ ባለሙያ አትባልም። ይህ በአንድ ቀን የሚለመድ ሙያ አይደለም፤ ለእንግዳ ቢላ ሰጥቼ «ገንጥይ» ብላት ዶሮውም ይበላሻል፣ ልጅቷም ትሸማቀቃለች። ከዚህም በላይ እኛ እንግዳን የምናስቀምጠው ስለናቅነው ወይም ስላገለልነው አይደለም፤ የደከመ መንገደኛ እግሩ ታጥቦ ከፍ ካለው ቦታ ይቀመጥ የሚለው ከአባቶቻችን የወረስነው ክብር ነው። ይህን ክብር «እንግዳውን ተመልካች ያደርገዋል» ብሎ መተው ይከብደኛል።

እኔ ያደረግሁት እንዲህ ነው። በመጀመሪያው በዓል አስቀመጥኳት፤ ነጠላ አልብሼ ሌሊት ቅዱስ ጊዮርጊስ ወሰድኳት፣ ጧፍ አብርታ ከሴቶች ጋር ቆመች፣ ሌሊቱን ስንመለስ አብራን ፈሰከች። የበዓሉን አካሄድ ካየች በኋላ ለዳግማ ትንሣኤ ራሷ «ምን ላግዝ?» ብላ መጣች። ከጎረቤት ልጆች ጋር ወደ ሐይቁ ዳር ላክኋት፤ ቄጠማ ገዝተው መጡ፣ ቤቱን ጎዘጎዘች፣ ፈንዲሻውን ፈነደሸች። እኔ እንደማምነው ሥራው ከእንግዳው ፍላጎት መምጣት አለበት፤ ከእኛ ትእዛዝ ከመጣ ነገሩ ሌላ ነው። አንቺም ራስሽ አስቀድመሽ ብዙ ወር አብረሻቸው ኖረሽ ነበር እንጂ በገባሽበት ሳምንት አልነበረም ጌጡን የሰጡሽ። ጊዜውን አትርሺው፣ ልጄ።


ስሜ ይቆይ

እኔ የምጽፈው እናት ከሽምብጥ ያነሱትን የሚያጠነክር ነው። ለትምህርት የሄድኩበትን አገርና ያረፍኩበትን ቤት አልጠራም። የአገሩ ትልቅ ብሔራዊ በዓል ሲደርስ ለእኔም ሥራ ተሰጠኝ፤ የተሰጠኝ ግን ወጥ ቤት ውስጥ ለብቻዬ ነበር። እንግዶቻቸው የበሉበትን ሳሕን አጥቤ ስጨርስ ቤተሰቡ ርችት ለማየት ወጥቶ ነበር፤ እኔ ሕፃኑን እንድጠብቅ ተነግሮኝ ቀረሁ። ለሚሄዱት ልጆች የምለው ቢኖር ተማሪ ሆናችሁ እንደምትሄዱ ቤቱ ስትገቡ ግልጽ አድርጉ ነው። «ድርሻ» የሚለው ቃል መልካም ቢሆንም በመጥፎ ሰው እጅ ሲገባ የጉልበት ብዝበዛ መሸፈኛ ይሆናል።


የጣና ዓሣ

ስሜ ይቆይ፣ የደረሰብሽን በማንበቤ በጣም አዝኛለሁ። ያነሳሽው ነገር እኔ ከጻፍኩት ሁሉ በላይ ለሚሄዱት ልጆች የሚያስፈልግ ነው ብዬ አምናለሁ።

በእኔ አስተያየት ሁለቱን የሚለየው መስመር ይህ ነው፦ ከቤተሰቡ ጋር ጎን ለጎን የሚሠራና ሲያልቅ አብሮ የሚያስወጣ ሥራ የበዓል ድርሻ ነው፤ ቤተሰቡ እንዲወጣ አንቺን የሚያስቀር ሥራ ግን የሠራተኛ ሥራ ነው፣ ሊከፈልበትም ይገባል። ጌጡን ስወለውል አያትየዋ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር፤ ሲያልቅ ደግሞ ጌጡም እኔም ወደ ሰልፉ ወጣን። እንዲህ ያለ ነገር የሚደርስበት ተማሪ ችሎ ከመቀመጥ ያስቀመጠውን ድርጅት ወይም የትምህርት ቤቱን የውጭ ተማሪዎች ተጠሪ ማነጋገር አለበት። ቤተሰብ መቀየር የተለመደ ነገር ነው፣ ማንንም አያሳፍርም።

እናት ከሽምብጥ፣ እርስዎም ስለ ጊዜው ያሉት እውነት ነው። ወደ በርገን የገባሁት በነሐሴ ስለነበር በዓሉ የመጣው ክረምቱን አብረን ካሳለፍን በኋላ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የመጣ በዓል ቢሆን ኖሮ ያ ጌጥ እጄ እንደማይገባ አይጠፋኝም። ቢሆንም በእርስዎ ቤት እንኳ በመጀመሪያው በዓል ነጠላ አልብሰው ጧፍ አስይዘዋታል፤ ለእኔ ይህም ራሱ ድርሻ ነው።


የቀበሌ 11 ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ቱርክ ውስጥ በተማርኩበት ጊዜ የቋንቋ ዓመቴን ያሳለፍኩት አንካራ ከአንድ ቤተሰብ ጋር ነው። ከእናንተ ለየት ያለ ነገር ስላየሁ ልጨምር።

የረመዳንና የአረፋ በዓል ሲመጣ በዚያ ቤት እንግዳ መሆኔን ረሳሁት ማለት እችላለሁ። ሶላቱ አንድ፣ ተክቢራው አንድ ነው፤ የሽማግሌዎችን እጅ ስሞ ግንባር ላይ ማስነካቱን ብቻ ተማርኩ፣ የቀረውን ከቤቴ ይዤው ሄጃለሁ። እንግዳ መሆኔ የታወቀኝ በኦክቶበር 29፣ ሪፐብሊኩ በ1923 በታወጀበት ዕለት መታሰቢያ ላይ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ከየሰገነቱ ባንዲራ ሰቅሏል፤ ለእኔም የእኛን ቤት ባንዲራ የመስቀል ሥራ ተሰጠኝ። ከዚያም የሪፐብሊኩ መሥራች አታቱርክ ወደተቀበሩበት አኒትካቢር ሄድን፤ በ24 የድንጋይ አንበሶች መካከል በሚያልፈው ረጅም መንገድ ከሕዝቡ ጋር ቀስ ብለን ተጓዝን። የቤቱ አባት ሲያለቅሱ አየሁ። በሃይማኖት ወንድማቸው ብሆንም በዚህ ኀዘንና ኩራት ውስጥ ገብቼ መቆም እንደማልችል ያኔ ተረዳሁ። እምነት የሚከፍተው በርና የአገር ታሪክ የሚከፍተው በር የተለያዩ ናቸው።

ከዚህ የተነሳ እህታችን ካለችው ላይ አንድ ነገር እጨምራለሁ፤ እንግዳ ዝም የሚልበትንም ጊዜ ይወቅ። ኖቬምበር 10 ቀን ጠዋት በእኛ 3 ሰዓት ከ5 ሲሆን፣ አታቱርክ በ1938 ባረፉበት ደቂቃ ሳይረን ይጮሃል፤ መኪናው መንገድ ላይ ይቆማል፣ ሰውም ባለበት ቀጥ ይላል። ምን እንደሆነ ባላውቅ እንኳ መቆም እንዳለብኝ ግልጽ ነበር። ሌላው ዝምታ በገበታ ላይ ነው። ስለ አገራቸው ታሪክ አጎትና የወንድም ልጅ በበዓል ማዕድ ላይ ድምፅ ከፍ አድርገው ሲከራከሩ ሰምቻለሁ፤ ሁለቱም ወደ እኔ ዞረው «አንተስ ምን ትላለህ?» ሲሉኝ «እኔ ለመማር ነው የመጣሁት» ብዬ አለፍኩ። የራሳችን አገር ታሪክ በየገበታው ምን እንደሚያስነሳ የምናውቅ ሰዎች ይህን ለመረዳት አንቸገርም።


የታሪክ መምህር

በመልካም ጨዋነት የሚካሄድ ውይይት ስለሆነ በደስታ ተከታትዬዋለሁ። በመጀመሪያ አንድ እርማት ላቅርብ። መንገደኛ ከፖሊ ሜይ 17ን «የነፃነት ቀን» ብሎታል፤ የሕገ መንግሥት ቀን ነው። ኖርዌይ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ከዴንማርክ ጋር ከኖረች በኋላ በ1814 መጀመሪያ ላይ ለስዊድን ተላልፋ ስትሰጥ ሕዝቡ ሳይጠየቅ ነበር። በኤይድስቮል ሕገ መንግሥት የጻፉት ይህን እምቢ ለማለት ነው፤ ሆኖም በዚያው ዓመት ከስዊድን ጋር በአንድ ንጉሥ ሥር ለመሆን ተገደዱ። ከዚያ ጥምረት የወጡት በ1905 ነው። ስለዚህ ዘጠና ዓመት ያህል በዓሉን ያከበሩት በሌላ አገር ንጉሥ ሥር ሆነው ነው፤ በ1820ዎቹም የስዊድኑ ንጉሥ በዓሉን ለማስቀረት ሞክረው ነበር። የአያትየዋን ጌጥ ከዚህ ጋር አያይዛችሁ ተመልከቱት። ሁለት ጊዜ ሊያስቀሩት የሞከሩት በዓል በየቤቱ ሳጥን ውስጥ ተጠብቆ ከኖረ፣ የቤቱ ሰው ይህን ያህል መጠንቀቁ ተገቢ ነው።

ወደ ራሳችን ልመለስ። እስካሁን ከባሕር ዳር በኩል የተነሱት በዓላት ሁሉ የሃይማኖት በዓላት መሆናቸውን ልብ ብላችኋል? ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። ፋሲካችን፣ ገናችን፣ ጥምቀታችን፣ አረፋችን ወጥ ቤትና ሳሎን አላቸው። ብሔራዊ በዓላችን ግን አደባባይና ቴሌቪዥን ነው ያለው። የካቲት 23 ቀን አንድ የውጭ ተማሪ ሽምብጥ ወይም ቀበሌ 14 ባለ ቤት ውስጥ ቢውል የዓድዋን በዓል የሚያውቀው በምንድን ነው? ሥራ ተዘግቷል፣ ቴሌቪዥኑ በርቷል፣ ከዚያ ውጭ ቀኑ እንደማንኛውም ቀን ያልፋል። ይህ የሚያሳዝነኝ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ለቤት የሚሆን ነገር ሞልቶናል።

ቀኑ ወርኃዊው የቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ነው፤ በ1888 ጦርነቱ የተደረገውም በዚያው ዕለት ነበር። የባሕር ዳር ሰው በዚያ ጠዋት ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሲሳለም እንግዳውን ይዞ ቢሄድና መንገድ ላይ ይህን ቢነግረው ምን ያህል ትርጉም ይሰጠው ነበር! ዕለቱ ብዙ ጊዜ በዐቢይ ጾም ላይ ስለሚውል ዶሮና ክትፎ አይኖርም፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ የሱፍ ፍትፍቱ፣ ተልባው ግን አለ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ጦር ይዘው ወደ ዓድዋ መዝመታቸውን፣ ከየቤቱ የተነሳው ሰው በእግሩና በበቅሎው ያን ያህል አገር አቋርጦ መሄዱን ለመንገር አንድ የቡና ሥርዓት ይበቃል። ሚያዝያ 27ም እንዲሁ ነው። እንግዳው ባሕር ዳር ሲገባ ያረፈበት የአውሮፕላን ማረፊያ በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም የተሰየመ ነው፤ «እኚህ ሰው ማን ናቸው?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ከቤቱ ሽማግሌ አፍ ቢወጣ ከማንኛውም አስጎብኚ ይሻላል። በየቤቱ የአያት ጋሻ፣ የአርበኛ ፎቶግራፍ፣ የቆየ ካባ አለ። ከሳጥን የሚወጣበት ቀን ግን አልሰጠነውም።


በርሊን ያለሁ

በአጭሩ አንድ ነገር ልበል። ሁሉም አገር እንደ ኖርዌይ አይደለም። እኔ ያለሁበት ጀርመን ብሔራዊ በዓሉ ኦክቶበር 3 ነው፤ ምሥራቁና ምዕራቡ በ1990 የተዋሐዱበት ዕለት። ሱቅ ይዘጋል፣ በተመረጠ ከተማ ትልቅ መንግሥታዊ ዝግጅት ይደረጋል፤ ያረፍኩበት ቤተሰብ ግን ጫካ ውስጥ በእግር ሄዶ፣ ቡና ጠጥቶ ተመለሰ። ባንዲራም አልተሰቀለም። «ምን ልሥራ?» ብዬ ብጠይቅ የሚሰጡኝ ነገር አልነበረም። በዚህ አትከፉ፤ ታሪካቸው ከባንዲራ ጋር ያላቸውን ነገር ከባድ አድርጎታል። እኔ ስለ በዓሉ የሰማሁት በዚያው በጫካው መንገድ ላይ ነው፤ የቤቱ እናት በምሥራቁ በኩል ያደገች ስለነበረች የበርሊን ግንብ ሲፈርስ የነበረችበትን ክፍል እስከ መጋረጃው ነገረችኝ።


እናት ከሽምብጥ

መምህር፣ ያሉት ነገር አሳስቦኛል። የባለቤቴ አያት ከጣሊያን ጋር የተዋጉ አርበኛ ነበሩ፤ የለበሱት ለምድ ቁም ሣጥን ውስጥ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ብል እንዳይበላው በየዓመቱ ፀሐይ አሰጣዋለሁ፤ የማሰጣው ግን ክረምት እንደወጣ መስከረም ላይ ነው። ሚያዝያም ፀሐይ አለ። ለሚያዝያ 27 አውጥቼ ባሰጣውና ልጆቹም፣ ያች የፔዳዋ ልጅም አብረውኝ ቢያራግፉት የሚከለክለኝ ነገር የለም። የጣና ዓሣ፣ በዚህኛው ተስማምቼልሻለሁ፤ የዶሮው ነገር ግን እንዳለ ነው።


መንገደኛ ከፖሊ

መምህር፣ ስለ እርማቱ አመሰግናለሁ። የጣና ዓሣ፣ የመጨረሻ ጥያቄ ልጠይቅሽ፦ ከዚህ ይዤ የምሄደው ምን ይሁን? ለበዓሉ የምለብሰውስ?


የጣና ዓሣ

ለቤቱ እመቤት ጥለቱ ያማረ ነጠላ ውሰድ፤ ለቤተሰቡ የተቆላና የታሸገ ቡና ይበቃል፤ ሥጋ፣ ቅቤና አይብ ግን ከአውሮፓ ውጭ ካለ አገር ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ ከሻንጣህ አውጣው። በርበሬና ሽሮ ለራስህ በደንብ ያዝ፤ ታኅሣሥ 29 ሲደርስ የእነሱ ገና አልፎ ስለሚሆን ቤቱ ጸጥ ብሎ ታገኘዋለህ፣ ያን ጊዜ ወጥ ቤቱን ጠይቀህ የራስህን በዓል አብስልላቸው። ሽንኩርቱን ልጆቹ እንዲልጡልህ ስጣቸው፣ ደስ ይላቸዋል።

ለግንቦት 9 ነጭ የአገር ባህል ልብስህን ልበስ፤ ያለህ ጋቢ ከሆነም ይሆናል። በርገን በዝናብ የታወቀች ከተማ ናት፤ በግንቦትም ይበርዳል። የቡናድ ልብስ የለበሱት እንኳ ከሥሩ የሱፍ ሹራብ ይደርባሉ። አንተም ከሥር የሱፍ ልበስ፤ ነጩ ልብስ ጭቃ እንዳይነካው ሱሪውን ከቁርጭምጭሚት ከፍ አድርገህ አሰፋው፤ ጃንጥላውንም ከዚህ አትሸከም፣ ከዚያው ግዛ፤ የዚያን አገር ነፋስ የሚችለው የእነሱ ነው።